ለወሎ ልጅ የአገሩን ምሥረታ ከየት እንጀምርለት?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዝቶ አዲስ ገቢውን ግራ ስላጋባ በየቁጥሩ አሳጥሬ ላስቀምጠው። መሀል መሀል ላይ የራሴን ጣል ማድረጌ አይቀርም።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት፤ የምንኖረው ደሴ ነው። አገራችን መቼ ተመሠረተች፣ መሥራቿስ ማን ነው የሚል የቤት ሥራ ተሰጣት። ለመልሱ የተተወላት ቦታ አንድ መስመር ናት። አያቷ ቀዳማዊ ምኒልክ አሏት። አባቷ አክሱም አለ። አጎቷ ደግሞ የዛሬዋ ኢትዮጵያ የዳግማዊ ምኒልክ ሥራ ናት ብሎ ድርቅ አለ። እነሱ ከአቦል እስከ በረካ ሲከራከሩ ልጅቷን እንቅልፍ ወሰዳት።

የሌላው አገር ልጅ ይቀለዋል። አሜሪካዊው ጁላይ 4 ቀን 1776 ብሎ ይገላገላል። የሱዳኑ በፈረንጅ 1956፣ የኬንያው 1963 ይላል። እኛ የድል ቀን እንጂ የልደት ቀን የለንም። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ወረወርኩ። ከደሴ በወልድያ መንገድ የሚሄድ ሰው ቦሩ ሜዳን፣ ሐይቅንና ውጫሌን በግማሽ ቀን ውስጥ ያልፋቸዋል። በስተምዕራብ መቅደላ አለ። በስተደቡብ ወረኢሉ አለ። አገር ስትሠራም ስትቆስልም እነዚህ ቦታዎች አይተዋል። የወሎ ልጅ የ3 ሺህ ዓመት ታሪክ የሚባለውን ከመማሩ በፊት ደጁን ይወቅ፤ መራራውም ሳይቀነስ ይነገረው አልኩ። ምን ትላላችሁ ብዬ ተውኩት።

1. መጀመሪያ የመለሱት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ከሰላምታው ጀምሮ ጨዋነታቸው ያስታውቃል። ተማሪ የነበሩት በጃንሆይ ዘመን ነው። ያኔ ምሥረታው ንግሥተ ሳባና ንጉሥ ሰሎሞን ነበሩ፤ ያውም ተረት ብቻ ሳይሆን ሕግ ነበር። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የንጉሡ ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ እንደሚወርድ በአንቀጽ ሰፍሯል። መምህር ሆነው ደርግ ዘመን ሲያስተምሩ ነገሩ ተገለበጠ። ንጉሥ ሁሉ ፊውዳል ሆነ፤ ታሪክ የመደብ ትግል ሆነ። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ደግሞ አገሪቱን የመሠረቱት ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሆኑ። እሳቸው ግን ያው ጠመኔ፣ ያው ሰሌዳ። ሦስት ዓይነት ምሥረታ እንዳሳለፉ ጽፈው፣ ልጅን ከማስተማር በፊት ወላጅ የትኛውን እንደተማረ ራሱን ይጠይቅ የሚል ምክር ለገሱ።

2. ሁለተኛው አጭር ነው። 3 ሺህ ዓመት ብሎ መጻፍ በቂ ነው፣ ልጅ አታደናግሩ የሚል።

3. ይሄኛው ሁለተኛውን ሊያርም የገባ ነው። አነጋገሩ ቀዝቃዛ ነው ግን መረጃ አለው። ከአክሱም በፊት የሃ ላይ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ያቆመ መንግሥት እንደነበር አስታወሰ። አክሱም ኃያል የሆነችው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ተቀበለ። ለልጅ ማሳየት የምትፈልጉ ሳንቲሞቹን አሳዩ ይላል። በፊተኞቹ ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ፤ በኋለኞቹ ላይ መስቀል። አንድ ንጉሥ፣ ሁለት ሃይማኖት፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ማስረጃ። የሳባና የሰሎሞን ታሪክ ግን ዛሬ በምናውቀው መልኩ በግእዝ የተደራጀው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ በክብረ ነገሥት መሆኑን አከለ። ለልጆቹ ውሸት ነው አይላቸውም። ነገሥታቱ ለምን እኛ እንግዛ ሲባሉ የሰጡት መልስ ይሄ ነበር ይላቸዋል። ይቺን ወድጄለታለሁ።

4 እና 5. አራተኛዋ ግን አልወደደችለትም። እምነታችንን ሳንቲም ላይ አታምጣው አይነት ቁጣ ነው። ጽላቱን ጠቀሰች፣ አባቶችን ጠቀሰች፣ መጨረሻ ላይ የእሱን አስተዳደግም ጠቀሰች። አምስተኛው መሀል ገብቶ አብሽሩ አለ። ወሎዬ ሁለት ሰው ሲጋጭ ዝም አይልም መቼም።

6. እዚህ ላይ የሐይቁ ሰው መጣ። ረጅም ነው የጻፈው፤ ሳይሰለች ይነበባል። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነ። ብዙ መነኮሳት እዚያ ተምረው በየአገሩ ገዳም ተከሉ። በትውፊት እንደሚባለው ይኩኖ አምላክም ከአባ ኢየሱስ ሞአ እግር ሥር ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1270 የላስታዎቹን የዛጉዌን መንግሥት ጥሎ፣ ዙፋኑን ወደ ሰሎሞን ዘር መለሰ ተብሎ ሲነግሥ ገዳሙ ከጎኑ ነበር። ከአገሩ ሢሶው ለቤተ ክርስቲያን የሚለው ቃል ኪዳንም ከዚያ ትውፊት ጋር ይነሳል። በዚያው ዘመን የተጻፈ፣ የአባ ኢየሱስ ሞአ ሥዕል ያለበት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። ሰውየው የሚለው፣ እስከ 1967 ዓ.ም. የዘለቀው ሥርወ መንግሥት አንድ ጫፉ እዚህ ታንኳ ከምናስርበት ደለል ላይ ነው። ስለዚህ የቤት ሥራው መስመር ላይ ሐይቅ ተብሎ ይጻፍ።

7. ላስታዎች ይሄን ዝም ብለው ያሳልፋሉ? አላሳለፉም። ከላሊበላ የጻፈው ሰው ለስድስተኛው ነው የመለሰው፤ ያውም በቁጥር ጠርቶት። ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ወደ ባለቤቱ መለሰ ከተባለ ዛጉዌዎቹ ሌባ ናቸው ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 11 ውቅር ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ቋጥኝ አገር ፈልፍለው ያወጡ ሰዎች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከነሱ አራቱን ቅዱስ ትላቸዋለች። የላሊበላ ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄደው በእነዚያ ጉድጓዶች አፋፍ ነው። እሱን የአንተ ነገሥታት ጣልቃ ገቦች ነበሩ ብሎ ማስተማር እንዴት ነው? ሥርወ መንግሥት ተተካ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ተመለሰ ማለት የአሸናፊውን አፍ መዋስ ነው። ላስታም ወሎ መሆኑን አትርሱ ብሎ ዘጋ። እኔ በበኩሌ የክሩ ምርጥ ነጥብ ይሄ ይመስለኛል። የሐይቁ ሰው እስከ ዛሬ ቀጥተኛ መልስ አልሰጠበትም።

8. አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ ሐይቅ የሄደችበትን አወጋች። ገዳሙ ለሴት አይፈቀድም። ስለዚህ አባትና ወንድ ልጅ ገቡ፤ እሷና የ9 ዓመት ልጇ ውጭ ቀሩ። የታዘዘው ዓሣ ቀረበ። ልጅቷ አልነካችውም። እጇን በጉንጯ አስደግፋ በሩን ታያለች። አገር ስትሠራ ሴቶች አልነበሩም እንዴ ብላ ጠየቀች። እናቲቱ በዚያች ሰዓት የመጣላት እቴጌ ጣይቱ ብቻ ነበረች። ጣይቱ በአባቷ በኩል ከየጁዎቹ ከራስ ጉግሣ ዘር መሆኗን ነገረቻት፤ ከወልድያ በኩል ማለት ነው። ልጅቷ ትንሽ ፈታ አለች። ወንድሟ ወጥቶ ያየውን መዘርዘር ሲጀምር ግን ዓሣውን ከፊቱ ወሰደችበት።

9 እና 10. ዘጠነኛው የየትኛው ቤት ዓሣ እንደሚሻል ጠየቀ። ሦስት ሰው መለሰለት፤ አልቆጠርኳቸውም። አሥረኛዋ የጁ ከተነሳ አይቀር ብላ ወደ ነገሩ መለሰችን። በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ ንጉሥ የሚያነግሡና የሚሽሩ የየጁ መኳንንት ነበሩ። ከራስ ዓሊ ቀዳማዊ ጀምሮ እስከ ራስ ዓሊ ዳግማዊ። የመጨረሻው በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሣ ተሸነፈ፤ ካሣም ቴዎድሮስ ሆነ። መማሪያ መጻሕፍት ዘመኑን የጨለማ ዘመን ብለው በአንድ አንቀጽ ያልፉታል ትላለች። የጁዎች ኦሮሞ ናቸው፣ ብዙዎቹ አባቶቻቸው ሙስሊም ነበሩ። ለዚህ ይሆን እንዴ የታለፈው ብላ ወጋ አድርጋ ወጣች።

11. ከከሚሴ የጻፈው ሰው እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሲያነብ እንደነበር ያስታውቃል። ከዚህ በኋላ ቃናው ተቀየረ። እስካሁን የተጻፈው ንጉሥና ገዳም ብቻ ነው አለ። የእሱ ልጅ ሙስሊም ነው። ይሄ ሁሉ ታሪክ ሲነገረው የት ነው የሚቆመው? በር ላይ ከቀረችው ልጅ ጋር? ከዚያ ቦሩ ሜዳን አነሳ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠሩ። መማሪያ መጽሐፉ ስለ ልደትና ስለ ቅባት፣ ማለትም ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ስለተደረገው የሃይማኖት ክርክር ይናገራል። ያ ጉባኤ ግን የወሎን ሙስሊም ባላባቶች ተጠመቁ ብሏል። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ሆነ፤ አባ ውጠው ኃይለ ማርያም ሆነ። ሕዝቡም ተከተል ተባለ። እንቢ ያለው ሸሸ ወይም ተዋጋ። በሼህ ጦልሓ የተመራው አመፅ ዓመታት ፈጅቷል። ደሴ ውስጥ በቦሩ ሜዳ በኩል በየቀኑ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚያልፍ ተማሪ ይህን አያውቅም። ከተማዋ ራሷ ስሟን ያገኘችው በዚያው ንጉሥ ዘመን ነው። ሰውየው አልተሳደበም። ግን አንዲት ለስላሳ ቃል አልተጠቀመም።

12. አሥራ ሁለተኛው ቁስል አትነካኩ አለ። ተከባብሮ የኖረን ሕዝብ እንዲህ ነው የምታጣሉት፣ ወሎ የፍቅር አገር ናት እያለ። በግሌ ይሄ የፍቅር አገር የሚለው ነገር ሲበዛ ይሰለቸኛል። ፍቅሩ እውነት ነው። ግን በነፃ የተገኘ አስመስሎ ማውራት የከፈሉትን ሰዎች መርሳት ነው።

13. የወረባቦው ልጅ ግን ለሁለቱም መለሰ፤ ያለ ስብከት። ዘር ሲቆጠር ሰምቶ የሚያውቅ ይረዳኛል ብሎ ጀመረ። አያቱ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ስሞቹ እየተቀያየሩ ይመጣሉ። ከላይ የሙስሊም ስም፣ ቦሩ ሜዳ ዘመን ላይ ሲደርስ የክርስቲያን ስም፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ ተመልሶ የሙስሊም። ከዚያ ጎን ያልተመለሰው ወንድም ቅርንጫፍ አለ፤ ዛሬ ከነሱ ዲያቆን ወጥቷል። ለሠርግ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት። ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሌሊት የሚሰግዱ ሰዎች እንደነበሩ አያቱ ይነግሩታል፤ እየሳቁ ሳይሆን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ልጁ የሚለው እኛ ቤት ቦሩ ሜዳ ቁስል ብቻ አይደለም፣ ዘመዶቻችንን የምናውቅበት ካርታ ነው። ደብቁት ቢባልስ ስሞቹን የት እናድርጋቸው?

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልጻፈም። ልብ ብዬ ነበር።

14. የመጀመሪያው መምህር ተመለሱ። ዕድሜን ለዩ ነው ምክራቸው። አራተኛ ክፍል ላለ ልጅ፣ ንጉሡ አገሩ በአንድ ሃይማኖት እንድትጸና ፈለጉ፤ አንዳንዱ ተቀበለ፣ አንዳንዱ ሸሸ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ሆነ። ይበቃል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ማን ምን አጣ የሚለው ይጨመርለታል። ትንሹን መዋሸት እንጂ ለትንሹ ማሳጠር ነውር አይደለም አሉ።

15. የአምባሰሉ ሰው ውጫሌን፣ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉበትን ውል፣ ይዞ መጣ። የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ ስለተለያየበት ስለ 17ኛው አንቀጽ ማታለያ ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ስለሌላው ልናገር ብሎ። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ተፈረመ። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር አልሞላም። ምኒልክ ዙፋኑን ገና እየጨበጡ ነው፤ ጠመንጃም ዕውቅናም ይፈልጋሉ። በውሉ ላይ የወሰን አንቀጽ አለ። አሥመራ ጣሊያን በኩል የቀረችው በዚያ ነው። በሚቀጥለው የፈረንጅ ዓመት መባቻ ኤርትራ የሚባል ቅኝ ግዛት ታወጀ። ስለዚህ ይላል ሰውየው፣ የአገራችን የሰሜን ድንበር አንድ ጫፍ የተቀደደው በዚህ በእኛ ማሣ ዳር ነው። ልጆቹን ቦታው ወስዶ ማታለያውን ብቻ መንገር ግማሽ ታሪክ ነው። የተሰጠውም ይነገር።

16. አሥራ ስድስተኛው እምዬን ማን ይደፍራል ብሎ ተነሳ። ወደ ፊደል አልገለብጠውም። ባንዳ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ አለበት።

17. ወረኢሉዎች አድዋን ያመጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መጡ። ምኒልክ ክተት ሲያውጁ ጦሩ በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከቶ እንዲጠብቃቸው ማዘዛቸውን አንዱ በኩራት ጻፈ። የያኔው ራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያኑን ጄኔራል የዳቦርሚዳን ብርጌድ ሲያጠቃ እንደነበርም አከለ። አያቶቹ የሰፈሩበትን ሜዳ ለልጁ እያሳየ ሲያወራ ልጁ ፈረሶቹ ውሃ የሚጠጡት ከየት ነበር ብሎ እንደጠየቀው ነገረን። ያን ያህል ሺህ ፈረስና በቅሎ የት ነበር የሚጠጣው? አባትየው አልመለሰም፤ ጥያቄው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። የአድዋ ዘመቻ ግማሹ የስንቅ ነገር ነው።

18. ወዲያው ማረሚያ ተከተለ። ወረኢሉ የተቀጠረው የሸዋው ጦር ነው፤ ለሌላው አሸንጌና መቀሌ ሌላ መገናኛ ተሰጥቷል። ሁሉም ወረኢሉ የገባ አታስመስል ተባለ። የወረኢሉው ሰው ማረሚያውን በጸጋ ተቀብሎ፣ ግን ንጉሡ ራሳቸው በዚያ አልፈዋል ብሎ ትንሽ አስቀረ።

19. መቅደላ። ይህን የጻፈችው የተንታ ልጅ ናት። የክሩ ረጅሙ መልስ ነው።

መማሪያ መጽሐፉ ቴዎድሮስን የዘመናዊት ኢትዮጵያ መሥራች ይለዋል። እሷም ትወደዋለች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጦር እጄን አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን ጠጣ። ጋፋት ላይ የተቀለጠው ሴባስቶፖል የሚባለው መድፍ፣ 7 ቶን የሚሆን ብረት፣ ገደል ለገደል በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጥቷል። ዛሬም እዚያው ሣር ውስጥ ተጋድሟል። የሰፈር ልጆች አፉ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ከተው ይጮኻሉ፤ ድምፁ ወፍራም ሆኖ ይመለሳል። እሷም ትጮህ ነበር።

ግን ወሎ ውስጥ ሌላ ታሪክ አለ። ቴዎድሮስ ወሎን ደጋግሞ ዘምቶበታል፤ የእስረኛ እጅና እግር አስቆርጧል። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወሎዋ ገዢ ወደ ወርቂት ሄደ። ወርቂት ተቀብላ አሳለፈችው። ልጇ ግን ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ንጉሡ ተናዶ ልጇን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር ገደላቸው፤ ገደል ተወረወሩ። የተንታዋ ልጅ እንዲህ ትጠይቃለች፦ ምኒልክ ያን ሌሊት ባያልፍ አድዋን ማን ይመራው ነበር? ታዲያ የአገር መሥራቾች ዝርዝር ላይ ወርቂት የት አለች? ለስምንተኛዋ እናት ነው ይሄን የምልሽ፣ ለልጅሽ ከጣይቱ በፊት የምትነግሪያት ሴት አለችልሽ አለቻት።

ከዚያ ስለ ቴዎድሮስ ልጅ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ጻፈች። የ7 ዓመት ልጅ ሆኖ እንግሊዞች ወሰዱት። በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ከአምባው የተዘረፈውን ቅርስ ለመጫን 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል። ለታዳጊ ወንድሞቿ ስታወራ ከዝሆኖቹ ትጀምራለች። ከዓለማየሁ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ አንዱ ያስቆማታል፤ እናቱስ ብሎ። እናቱም ጥሩወርቅ በዚያው ጉዞ ላይ ሞታለች። ይህንንም ትነግራቸዋለች።

20 እና 21. ሃያኛዋ ከሪያድ ናት። በትህትና ነው የገባችው። ልጆቿ የተወለዱት እዚያ ነው፤ አረብኛ ይቀናቸዋል፤ ይሄን ሁሉ ማን ያነብላቸዋል፣ አጭሩን ስጡኝ አለች። ሃያ አንደኛው ውጭ ሆነሽ ምን አገባሽ የሚል ዓይነት ነገር ጻፈ። አወያዩ አጠፋው። የወረባቦው ልጅ ግን ከነጃሺ ጀምሪላቸው አላት። ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩን ባልደረቦች የተቀበለው የአክሱሙ ንጉሥ፤ ልጆችሽ ከትምህርት ቤታቸውም ሰምተውት ይሆናል፤ እዚያው ያሉበትን አገርና የእናታቸውን አገር አንድ ላይ የሚያስር ታሪክ ነው። ጥሩ ምክር ነው። ከወሎ መጀመር የማይችል ሰው ከራሱ ደጅ መጀመሩ ያው የኔ ሐሳብ ነው።

22. አንድ መሐንዲስ ነገር በካርታ ይታይ አለ። ዛሬ ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ቅርጽ አክሱምም ይኩኖ አምላክም አያውቁትም። የተሠራው በምኒልክ ዘመቻዎችና ከአድዋ በኋላ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ከ1889 እስከ 1900 ዓ.ም. በተፈረሙ የወሰን ውሎች ነው። የከሚሴው ሰው ተቀበለውና ካርታው በውል ብቻ እንዳልተሞላ አስታወሰ። ሐረር በጨለንቆ ጦርነት ነው የገባችው፤ ወላይታ በ1887ቱ ዘመቻ ብዙ ሰው ሞቶበት፤ ጅማ በአባ ጅፋር ድርድር። የወላይታ ልጅ ይሄው የቤት ሥራ ቢሰጠው ሌላ መልስ አለው። ዝም ብሎ ሌላ ነው፤ ስህተት አይደለም። አሥራ ስድስተኛው ሊመለስ ሲል አወያዩ ቀደመው።

23. አንድ ሰው ሦስት መስመር ብቻ ጻፈ። አያቱ ምሥረታ ሲባል ትዝ የሚላቸው 1966 ነው። በ1965 እና በ66 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ለዓለም ደበቀው። ለአያቱ አገር ማለት ያን ጊዜ እህል የሰጠና የከለከለ ነው።

24. የሙዚቃ ቅኝት ተነሳ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም ነው የሚጠሩት፤ አገርን ዜማም ይመሠርታል አለ አንዱ። ትዝታስ የማን ነው ተብሎ ሌላ ክር ተከፈተ። እዚያ ሂዱ፤ እዚህ አንጨርሰውም።

25. የወልድያዋ መምህርት ክፍሏ ውስጥ የምታደርገውን ነገረችን። የትምህርት ቤቱ ግቢ ላይ በጠመኔ ረጅም መስመር ታሰምራለች። አንድ እርምጃ 100 ዓመት ነው። ከዛሬ ተነስቶ ወደ ኋላ 17 እርምጃ ገደማ ላይ አንድ ልጅ ዒዛና ሆኖ ይቆማል። ሰባት ተኩል ላይ ይኩኖ አምላክ። ቴዎድሮስ አንድ ተኩል ላይ ነው። አድዋ ከአንድ እርምጃ ትንሽ ብታልፍ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የጫማ ርዝመት ታህል ናት። ልጆቹን ሁልጊዜ የሚያስደነግጣቸው የአድዋ ቅርበት ነው ትላለች። ቴዎድሮስና ምኒልክ ሆነው የቆሙት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ፤ በነሱና በይኩኖ አምላክ መሀል ያለው ሜዳ ባዶ ይሆናል። እዚያ ማን ነበር ብለው ይጠይቃሉ። ያኔ ዘርዓ ያዕቆብን፣ ግራኝ አሕመድን፣ የኦሮሞን መስፋፋት፣ ጎንደርን ታስገባለች። ዓምና አንድ ልጅ ንጉሥ መሆን አልፈልግም፣ ገበሬ ነኝ ብሎ ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለስ ዋለ አለች። ማርክ ሰጥታዋለች።

26. የመጀመሪያው መምህር ይሄን አንብበው እኔ ባስተማርኩበት ዘመን ጠመኔ እንኳ በቁጥር ነበር አሉ። ቀልዳቸው ነው። ወዲያው ግን ቁም ነገር አከሉ። መስመሩ ላይ ለልጆቹ መጀመሪያ የሚባለው ጫፍ እንዳይዘጋባቸው፤ ከዒዛናም ወደ ኋላ ጠመኔው ይቀጥል።

27. አሁን ክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሐይቁ ሰው ሚኒባስ እናዋጣና ልጆቹን ቦሩ ሜዳ፣ ሐይቅ፣ ይስማ ንጉሥ እናድርሳቸው ብሏል። መምህሩ ተመዝግበዋል። የከሚሴው ሰው ቦሩ ሜዳ ላይ የሚናገረው እሱ ከሆነ እንደሚመጣ ጽፏል፤ የወረባቦው ልጅ ከእሱ ቀጥሎ ተራ ይዟል። ለሴት ልጆቹ ገዳሙ በር ላይ ማን ምን እንደሚያወራላቸው ገና አልተወሰነም፤ የተንታዋ ልጅ ወርቂትን ይዛ ትምጣ የሚል ሐሳብ አለ። መቅደላ ግን በዚህ ጉዞ አይገባም፤ መንገዱ በሌላ አቅጣጫ ነው፣ አድሮ መመለስም ይጠይቃል። ከላስታ የጻፈው ሰው ለስድስተኛው ያቀረበው ጥያቄ ካልተመለሰ ሚኒባስ እንደማይሳፈር አሳውቋል።